በዳንቴል የተሸፈኑት

ኮምፒውተር ሁሉ በአራት ዓመቱ እንዲዘጋ ከተደነገገ ወዲህ፣ በሰፈራችን የተዘጋ ኮምፒውተር የሌለው ሳሎን የለም። እትዬ ብርነሽ ሦስቱን ደራርበው የአበባ ማስቀመጫ አድርገዋቸዋል፤ ራሳቸው የሠሩትን ዳንቴልም አልብሰዋቸዋል። እትዬ ብርነሽ የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ ይነድፋሉ። እያንዳንዱ ኮምፒውተር የአራት ዓመት ንድፋቸውን ይዞ ነው የተዘጋው።

"አንዲት ሙሽራ ታላቅ እህቷ ያገባችበትን ጥልፍ ካልሆነ አልለብስም ብላለች፤ ጥልፉ ደግሞ ከታችኛው ኮምፒውተር ውስጥ ነው" አሉኝ። "ዓይኔ ደክሟል፣ እንደገና አልነድፈውም። ለመሆኑ አንቺ የተዘጋ ኮምፒውተር መክፈት የት ተማርሽ?"

"የትም። ስሰብርና ስጠግን ነው የተማርኩት። ይልቅ ዳንቴሉን ያንሱልኝ፤ ሬሳ አይደለም እኮ።"

እየሳቁ አነሱት። እኔም ታችኛውን ስቤ፣ የኮምፒውተር ዕድሜ የማይጠይቀውን ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሲስተም ከፍላሽ አስነሳሁበት። ማራገቢያው አቧራውን እያስነጠሰ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ ጥልፉ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ከደረት እስከ ጠርዝ አንዲት ክር አልጎደለችበትም። እትዬ ብርነሽ በጣታቸው ዳሰሱት።

"የተዘጋውን የሚያስነሳውን ይሄን ነገር ማነው የሠራው?"

"የማላውቃቸው ሰዎች፤ በየአገሩ ያሉ። ሠርተው የፈለገ ይውሰድ ብለው ለቀቁት። እኔም እንዲሁ ነው ያገኘሁት።"

"ምን በወጣቸው?"

"እኔም ባበራሁት ቁጥር እሱን ነው የምለው፣ እትዬ።"

እትዬ ብርነሽ የቀሩትን ሁለት ኮምፒውተሮች ወደ እኔ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ዳንቴሉን አራግፈው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት።

"የሠሩት ሰዎች የመጡ እንደሆነ ትሰጫቸዋለሽ" አሉኝ። "እስኪመጡ አንቺ ልበሺው።"