መዋኛውን ያስቀበሩት አያት

«...ደግሞስ የቱ ጅል ነው መዋኛ ገንዳ ውስጥ አፈር የሚሞላው?!»

ዴማርከስ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ይዞ አካፋውን ወረወረው።

የአሜሪካዋ አላባማ ፀሐይ አናት ይበሳል... ከተማው የተቀበረውን የድሮ መዋኛ አስቆፍሮ ለልጆች ሊከፍት ነው። ቆፋሪው እሱ!

«እማዬ ወገቤ ተቆረጠ። በቃኝ! ዛሬ ጥዬላቸው ነው የምመጣው!»

ስልኩ ላይ ያሉት፣ ያሳደጉት አያቱ ሚስ ኧርሊን ግን ሌላ ነገር ጠየቁ...

«ግድግዳው ሰማያዊ ሴራሚክ ነው አይደል?»

«አዎ... በምን አወቅሽ? ያኔ ጥቁር አይገባም ነበር እኮ!»

«ያስቀበርኩት እኔ ነኝ ልጄ።»

«አንቺ?! ካፊያ ሲጥል የምትሮጪው ሴትዮ?»

«ዝም ብለህ ስማ! የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔ፣ ጓደኛዬ ክሎዴትና የዲያቆኑ ልጅ ሩፎስ... ቆሻሾች ናቸው እንዳይሉን የቤተክርስቲያን ልብሳችንን ለብሰን ዘለን ገባን። ዋና የሚችል አንድም የለም! ፖሊስ በፀጉራችን ጎትቶ አወጣን።»

ዴማርከስ ሳያስበው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ...

«ጥቁር የነካውን ውሃ ነጮቹ ደፍተው ይቀይሩታል። ቢበዛ እሱን ያደርጋሉ ብለን ነበር... ገንዳውን ይቀብሩታል ብለን መች አሰብን! ከእኛ ጋር ከሚዋኙ ለራሳቸውም ቢቀርባቸው መረጡ።»

«ለምንድነው እስከ ዛሬ ያልነገርሽኝ?»

«ምን ብዬ? የገዛ ሰዎቻችን እንኳ "እናንተ ናችሁ ነገር ያበላሻችሁት" ብለው ፊት ነሱን። በኋላ የጥቁሮች መብት ትግል ሐውልቱም መድረክ ላይ ለተናገሩት ሰባኪዎች ቆመ... እኛን ማን ያስታውሳል? ልጆች ነበርንና።»

ዴማርከስ የወረወረውን አካፋ ወደ ራሱ ሳበው...

«እማዬ... አመሰግናለሁ።»

«ለምኑ?»

«ዘለሽ ስለገባሽ።»

«ፀሐይ መታህ እንዴ አንተ?» አሉ። ድምፃቸው ግን ተንቀጠቀጠ... ስለዚያ ቀን ሲሰደቡ ኖሩ እንጂ ሲመሰገኑ የመጀመሪያቸው ነው።

ካቦው ከወዲያ ጮኸ፦ «አንተ! ትቆፍራለህ ወይስ ሌላ ሰው ልፈልግ?»

«መጣሁ!... እማዬ ልዘጋው ነው። ወለሉን ሳላወጣ አልመጣም!»

ወዳጆቼ... ዛሬ ሳንፈራ በምንገባበት በር፣ ስሙን የማናውቀው ልጅ ተደብድቦበት ይሆናል።

ታሪክ ማይክ የያዘውን ይመዘግባል። ቀድሞ የዘለለው ግን ጎረቤታችን፣ አያታችን ሊሆን ይችላል... ምስጋና ደግሞ የሚሰማው ጆሮ እያለ ነው!

እናንተስ... ውለታ ውሎላችሁ ማንም «አመሰግናለሁ» ያላለው ሰው አለ? እስኪ ስሙን እዚህ ጻፉልን... ከዛ ደውሉለት።