ዲክስኮቭ ወይስ አቦአዜ

«ኤጃ፣ ሞተሩን ያጥፉልኝ» አለች ኤኩዋ።

ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ኤጃ አርኮ ነፋሱ ጆሯቸውን የደፈነው ይመስል ታንኳቸውን ወደ አቦአዜ መንዳታቸውን ቀጠሉ። ኤኩዋ ግን አይታቸዋለች። ምንም በሌለበት መሃል ባሕር ላይ ሞተሩን ቀነስ አድርገው፣ በግራ ትከሻቸው ወደ የብስ ዞር፣ በቀኝ ትከሻቸው ዞር ካሉ በኋላ ነው እንደገና የፈጠኑት። እሷም የሰኮንዲ ዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት። አባቷ መረብ የሚጥልበትን ቦታ የሚያገኘው እንዲሁ የብስ ላይ ያሉ ሁለት ምልክቶችን እያስተያየ ነበር።

«ምንድን ነው ያለው እዚህ?»

«ውሃ።»

«ሌላስ?»

«ጨው አለበት» አሉና ሳቁ።

ኤኩዋ አልሳቀችም። የአያቷ የናና ኤሲ ወንድም እንግሊዞች አገሩን በሚገዙበት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ተፈታትተው በሳጥን የሚመጡትን የጦር አውሮፕላኖች ታኮራዲ ላይ ከሚገጣጥሙት ወጣቶች አንዱ ነበር። አንድ ቀን ለሙከራ በረራ አብሮ ወጣ፤ አውሮፕላኑም ባሕር ገብቶ ቀረ። አንዱ የእንግሊዞች ሰነድ የወደቀው በስተምሥራቅ፣ አቦአዜ ፊት ለፊት ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ በስተምዕራብ፣ ዲክስኮቭ። የታሪክ አስተማሪዋ ኤኩዋ ዕረፍት ባገኘች ቁጥር ጠላቂ ዋናተኛ እየለመነች ሁለቱንም ቦታ አስፈልጋለች። የተገኘው አሸዋ ብቻ ነው። ናና ኤሲ ደግሞ «የወደቀበት ሳይታወቅ ለቅሶ አልቀመጥም» እንዳሉ አርጅተው አልጋ ያዙ። አሁን የሚፈሩት የራሳቸው ለቅሶ የወንድማቸውን እንዳይቀድመው ነው።

«አቦአዜ ነው ብለው ለእንግሊዙ ሹም የመሰከሩት የእርስዎ አባት ናቸው አይደል?»

«አዎ፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«ዲክስኮቭ ያሉትስ?»

«ጎረቤታችን ኤሱማን ነዋ። ያ ውሸታም ነበር።»

«የእርስዎ አባትስ?»

ኤጃ አርኮ አገጫቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «የኔ አባት እሱንም ያስከነዳል።»

አሁን ነገሩ ገባት። ብረት ከወደቀበት ዓሣ ይሰፍርበታል። ዓሣ የሰፈረበትን ደግሞ የትኛው አጥማጅ ነው ለሹም የሚናገር? ሁለቱ ጎረቤታሞች ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ አንዱ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ አንዱ ወደ መጥለቂያ ጠቆሙ። እንግሊዙም የተባለውን ጻፈ። እነሱ መሃል ላይ ቁጭ ብለው አጠመዱ።

«ናና ኤሲ እኮ ዕድሜ ልካቸውን...» አለች። እንዲህ ተናዳ አታውቅም።

«ታዲያ እኔን ምን አድርግ ትዪኛለሽ?» ኤጃ አርኮ ሞተሩን አጠፉት። «ዛሬ ለአንቺ ባሳይ ነገ ጠላቂው ይመጣል፣ መንግሥት ምልክት ይተክልበታል፣ የሰኮንዲ ታንኳ ሁሉ ይግተለተላል። ልጆቼን ያሳደገችልኝ እኮ ይቺ ቦታ ናት። የእንጀራ ገመዴን በገዛ እጄ ልበጥሰው? ሞኝሽን ፈልጊ ልጄ።»

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው።

«እኔም ብሆን አልናገርም» አለች በመጨረሻ። «ግን ማታ ስገባ 'አገኘሽው ወይ?' ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

ማዕበሉ ታንኳዋን ወዲያ ወዲህ ያደርጋታል። ሽማግሌው ውሃውን ብዙ ጊዜ ካዩ በኋላ እንትፍ አሉበት።

«አይ አንቺ፣ ጠዋት አሞኛል ብዬ መቅረት ነበረብኝ» አሉና ሞተሩን አስነስተው ታንኳዋን መለሷት።

ቦታው ሲደርሱ መልሕቁን ጣሉ። ገመዱ ወረደ፣ ወረደና ድንገት ቀጥ ብሎ ተወጠረ። መዳፏን ይዘው ገመዱ ላይ አሳረፉላት። ከታች የሆነ ጠንካራ ነገር መልሕቁን ይዞ አለቅም ብሏል።

«አሸዋ እንዲህ አይዝም። በይ አሁን ወደ የብስ ዙሪ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከኮረብታው ግራ ጫፍ ሥር ገብቷል፣ አየሽ? የውሃ ታንከሩ ደግሞ ከረጅሙ ኮኮናት ጋር ገጥሟል። ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።»

ኤኩዋ ጣሪያውንም ኮኮናቱንም አየቻቸው፤ ከዚያ እንባዋ መጣና ሁሉም ተደባለቀባት። ሳታፍር አለቀሰች።

ቀና ስትል ኤጃ አርኮ ኮፍያቸውን አውልቀው ምሳቸውን ፈተዋል። በበቆሎ ቅጠል ከተጠቀለለው ኬንኬ ደህና ጉርሻ የሚያህል ቆረሱ።

«አሁን ምሳ ይበላል እንዴ?»

«የኔ አይደለም፤ የባለቤቱ ነው። እሱን ሳናበላ እዚህ መረብ ጥለን አናውቅም። ከአባቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ከታች ሰው እንዳለማ እናውቅ ነበር፤ ስሙን የሚነግረን ስላልነበረ ባለቤቱ እንለዋለን።» ጉርሻውን እንደያዙ ዞረው አዩዋት። «ማን ነበር ስሙ?»

«ኤቦ።»

ሽማግሌው ከታንኳዋ ጎን ዝቅ ብለው ጉርሻውን ቀስ አድርገው ውሃው ላይ አስቀመጡት።

«ብላ፣ ኤቦ» አሉ። «የዛሬው ከእህትህ ነው።»