የባዝራ ወተት

«እንግዲህ እኔ ሞንጎል ነኝ» አለ አባቴ፣ ከካርቶን ወደ ኩባያ ወተት እየቀዳ። «ይሄም የባዝራ ወተት ነው።»

ናታንያ ከተማ፣ ከገደሉ አፋፍ ባሕሩን ቁልቁል እያየን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት።

ውትድርናዬን ከጨረስኩ ወዲህ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰሜን ሞንጎሊያ ስላለው የሑቭስጉል ሐይቅ። በክረምት መኪና እስኪሄድበት በረዶ ሆኖ ይጠጥራል። በዙሪያው ሰዉ ድንኳኑን ጭኖ ከብቱን ተከትሎ ይዞራል። በፈረስ ላየው ቆርጫለሁ፤ የአውሮፕላን ትኬቱንም ገዝቻለሁ። ግን አባቴ እሺ ሳይለኝ እግሬ አይነሳልኝም።

እሱን ያስጨነቀው ርቀቱ አይደለም። እዚያ አገር እንግዳ የቀረበለትን ወተት እምቢ ካለ ቤቱን እንደናቀ ይቆጠራል። ይህን የነገርኩት እኔው ነኝ፣ አፌን በቆረጠው! የፈረስ ወተት ደግሞ ካሼር አይደለም፤ ሃይማኖታችን አይፈቅደውም። አባቴ ይሁዲነቱን ለማስመስከር ጎንደር ላይ ዓመታት የጠበቀ፣ እዚህም ረቢዎች ፊት ቆሞ የተጠየቀ ሰው ነው። ከሱ ጋር በዚህ ነገር ጨዋታ የለም።

«እንኳን ደህና መጣሽ፤ ጠጪ» አለ ሞንጎሉ።

ግራ እጄን ከቀኝ ክርኔ ሥር አድርጌ ተቀበልኩ። የነሱም ወግ እንደኛው ነው። አመስግኜ፣ ሳልቀምስ መለስኩለት።

«ምነው፣ ናቅሽን?»

«ኧረ በጭራሽ። ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም።»

«ትንሽ ብቻ ቅመሺ።»

«አልችልም፣ ይቅርታ።»

«በሞቴ!»

ደነገጥኩ። አባቴ በሞቴ ብሎኝ እምቢ ያልኩት ነገር የለም። ጠግቤም በልቻለሁ፣ አሞኝም ጠጥቻለሁ።

«ዳይ፣ በቃ አባ! ሞንጎሎች እንዲህ አይሉም።»

«እነሱም የራሳቸው አላቸው። አፈር ስሆን! ሃዳርዬ፣ ቅበሪኝ፣ አንዴ ብቻ!»

ድምፁ የእውነት ነበር። ኩባያው አፌ ሥር ደርሷል። በአጠገባችን የምትሮጥ ሴት ቆም ብላ «ሃኮል በሴደር?» አለች፤ ደህና ናችሁ ወይ ማለቷ ነው። እንባዬ መጣ፤ ጨከንኩ።

«አልጠጣም» አልኩት። «ብትሞትም አልጠጣም!»

ባልኩት ነገር ተሸማቅቄ መሬት መሬቱን አየሁ። አባቴ ወተቱን ራሱ በአንድ ትንፋሽ ጠጣና ጢሙን በመዳፉ ጠረገ። ባሕሩን ብዙ አየ።

«ወፍራም ካልሲ ይዘሻል?» አለኝ።