የእሽኮኮ ዕዳ

በዚያ ክረምት መንገዱ ተቆርጦ ሹፌሩ ሥራ ፈታ። ቤት ውሎ በአሮጌው ኮምፒዩተር ከሴት ልጁ ጋር የመኪና ውድድር ይጫወት ነበር፤ የተሸነፈው አሸናፊውን እሽኮኮ ሊል ተወራርደው። ልጅቷ ስትመራ ግን ኮምፒዩተሩ የመጨረሻው ዙር ላይ ቀጥ ይል ነበር። አባትየውም «ሳያልቅ አይቆጠርም» ይላት ነበር።

አሁን፣ ልጅቷ ከፍ ካለች በኋላ፣ ኮምፒዩተሩን ይዘው ጥገና ቤት ቆመዋል። «ይሄ ግራፊክስ ካርድ ሥዕሉን ያሳምራል፤ ይሄ ሚሞሪ እንዳይቆም ያደርገዋል» አለ ባለሙያው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው አባት ካርዱን አንስቶ አገላበጠው።

«መኪናዬ ባታምርም ትድረስልኝ፣ አባዬ» አለች ልጅቷ፣ አንድ ቦታ መቆም አቅቷት።

ካርዱን መለሰው። ሚሞሪው እንደተገጠመ እዚያው ተወዳደሩ። ኮምፒዩተሩ አልቆመም፤ የልጅቷ መኪና ቀድማ ገባች።

«ያኔ ቀላል ነበርሽ» አለ ሹፌሩ።

«ማን አቆይ አለህ?»

እየሳቀ ቁጢጥ አለና እሽኮኮ አላት፤ ጭንቅላቷ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።