የስታዲየሙ ቁልፍ

የፋብሪካው ስታዲየም ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከተሠራበት በኋላ፣ የከተማው ሰው ያቺ ዋንጫ ያስገኘች ጎል በገባችበት ቦታ ላይ መታሰቢያ ድንጋይ ይቁምልን አለ። የስታዲየሙን ታሪክ የመጻፉ ሥራ ለአንድ የታሪክ መምህር ተሰጠ።

መምህሩ ብዙም አልተቸገረም። ያነጋገራቸው አርባ ሁለት ሽማግሌዎች በሙሉ ጨዋታውን በዓይናቸው አይተዋል። አንዳቸውም በበር አልገቡም፤ ሁሉም ትኬት አልቆባቸው አጥር ዘለው ነው የገቡት። ጎሏም የገባችው አሁን ብሎክ ሰባት በቆመበት በኩል መሆኑን ምለው ተናገሩ።

የቀሩት የስታዲየሙ ዘበኛ የነበሩት ጋሽ ወልደየስ ብቻ ነበሩ።

"የዚያን ቀን እኔ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነበርኩ" አሉ ሳቅ እያሉ። "የበሩን ቁልፍ ረስቼ በኪሴ ይዤው ሄድኩ። ያንን የሚያህል የብረት በር ማን ይሰብረዋል? ጨዋታውን ወስደው ከብት ተራው ሜዳ ላይ አደረጉት። እኔ ስመለስ ዋንጫው በከተማው እየዞረ ነበር።"

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"ኧረ ጋሼ! እኔ ራሴ አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ እዚሁ ስታዲየም ውስጥ አይቻለሁ እኮ!"

ጋሽ ወልደየስ ከኪሳቸው የዛገ ቁልፍ አወጡ፤ አገላብጠው አዩትና መልሰው ከተቱት።

"እንግዲያው አባትህ አንተን እንደተሸከሙ ነዋ አጥሩን የዘለሉት" አሉ።