የወለቀው ቺንጋ

በዚያ ዘመን የቤት ማሽን በገዛ እጁ የከፈተ ሰው ሌላ ማሽን አይተካለትም፤ ሕጉ ነው። የትርንጎ ልብስ ማጠቢያ ሞተሩ እያጉረመረመ ከበሮው አልዞር አለ። ጠጋኙ ሮቦት የሚመጣው ከወር በኋላ ነው። የአልጋ ቁራኛ ለሆኑት እናቷ የሚነጠፍ ንጹሕ አንሶላ ደግሞ አልቋል።

"ክፈቺው" አሏት እናቷ።

"ባበላሸውስ እማዬ?"

"አሁንስ መቼ ደኅና ሆነና!"

ካቻቢቴ የሚባል ነገር በየቤቱ ከጠፋ ቆይቷል። ትርንጎ ማሽኑን ከሶኬት ነቅላ ብሎኖቹን በቢላ ጫፍ ፈታች። ከበሮውን የሚያዞረው ቺንጋ ከሞተሩ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ወደ ቦታው መለሰችው። ስታስነሳው ከበሮው ዞረ፤ እናትና ልጅ በሳቅ ፈነዱ።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ትርንጎ ክው አለች። ጎረቤቷ እትዬ ስንዱ ነበሩ፤ የተበላሸ ምድጃቸውን ታቅፈዋል።

"ድምፁን ሰምቼ ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ይህንንስ አብረን ብንከፍተው?"