ሁለት አማቶች በዕቃ ቤት

ኤልሲ ቀለም የጠጣውን፣ ሰሌን የሚሰፋበትን የፓንዳነስ ቅጠል ጥቅል እንደታቀፈች ባለችበት ትደርቃለች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከስፌቱ ክፍል፣ የልጇ ባል ድምፅ ይሰማል።

«ጥሩንባ ሰምተሻል?» ትላለች ታላቅ እህቷ ዊኒ በሹክሹክታ።

«አልነፋም።»

«ሁልጊዜ ይነፋ የለ እንዴ!»

ሁልጊዜ ይነፋል። ልጇን ሮንዳን ካገባ ወዲህ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የመኪናውን ጥሩንባ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ እህትማማቾቹም የጀመሩትን ስፌት ጥለው ወደ ማንጎው ጥላ ይሄዳሉ። በአገራቸው ወግ አማት የልጇን ባል አታይም፣ ስሙን አትጠራም፣ ከእጁ ዕቃ አትቀበልም፣ አንድ ጣሪያ ሥር አብራው አትቀመጥም። የእናት እህት ደግሞ እናት ናት፤ ስለዚህ ዊኒም አማቱ ነች።

«በእግር ስላስኬድኩዎ ይቅርታ፤» ይላል ሰውየው ከወዲያ። «ባትሪው ዛሬ ጠዋት አለቀ።»

ዊኒ ዓይኗን ትጨፍናለች። «በእግር የሚመጣ ሰው እያጨበጨበ አይመጣም?»

ዕቃ ቤቱ መስኮት የለውም። አንዲት በር አለችው፤ እሷም የምትከፈተው ወደ ክፍሉ፣ ከውጭው በር ጎን ነው። ቆርቆሮው ከላይ በሙቀቱ እየተንጣጣ ነው። ላቡ በኤልሲ ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል፣ ጥቅሉን ግን ለማስቀመጥ አትደፍርም፤ የደረቀ ቅጠል ይንኮሻኮሻል።

«የአውሮፕላኑ አብራሪ ደመናውን አይቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልጠብቅም ብሏል፤» ትላለች አብራው የገባች፣ ከመንግሥት የመጣች ሴት። «የስፌት አስተማሪዋስ?»

«አለች።»

«አለች ብቻ አይበቃም። አምና አንድ መንደር ‹አለ› የተባለው አስተማሪ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንተ እንደ አስተባባሪ፣ እሷ እንደ አስተማሪ፣ ሁለታችሁም በፊቴ መፈረም አለባችሁ። ዛሬ ካልሆነ የሚቀጥለው ሦስት ዓመት ድጋፍ ለሌላ መንደር ይሰጣል። እኔም አዝናለሁ፤ ግን ሕጉ ነው።»

ኤልሲ የታቀፈችውን ቅጠል ታያለች። ቢጫ ነው። የምታስተምራቸው አሥራ አራት ልጃገረዶች ሥር ቆፍረው፣ ቀጥቅጠው፣ ቢጫውን ማውጣት የቻሉት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ቀዩን አልተማሩም። ቀዩ አመድ ይፈልጋል፤ የየትኛው ዛፍ አመድ እንደሆነ የሚያውቁት በአገሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም እዚህ ዕቃ ቤት ውስጥ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመዋል።

ከበሩ ሥር አንድ ነገር ጭረት ጭረት ያደርጋል።

«ውሻሽ ነው፤» ትላለች ዊኒ። «አማቻችን አየው። እዚህ መሆናችንን አወቀ።»

«እኔ... እኔ ሄጄ ልጥራት፤» ይላል ሰውየው። ድምፁ ተቀይሯል። ወንበር ሲገፋ ይሰማል።

«የትም እንዳትሄድ! ልጥራት ብሎ የሄደ ሰው ተመልሶልኝ አያውቅም። ምንድን ነው ይሄ ውሻ የሚፈልገው?»

«እሱን ይተዉት! በሩን አይ—»

በሩ ይከፈታል።

ዊኒ እንደ ዕድሜዋ አይደለችም፤ ከመደርደሪያው ትልቁን ሰሌን መንጭቃ በሁለቱም ራስ ላይ ትጥለዋለች። ኤልሲ በስፌቱ ቀዳዳዎች የተበጣጠሰ ብርሃን ይታያታል፤ በብርሃኑ መካከል አንዲት ነጭ ሴት ወረቀት ይዛ አፏን ከፍታለች።

«ደኅና... ናችሁ?»

«ደኅና ነን የኔ ልጅ፤» ትላለች ዊኒ ከሰሌኑ ሥር። «በሩን ዝጊልን።»

ሴትዮዋ ዞር ትላለች። አስተባባሪው መውጫው ከነሱ ጎን ስለሆነ መውጣት አልቻለም፤ ክፍሉ ጥግ ድረስ ሸሽቶ፣ ግንባሩን ከግድግዳው አስደግፎ ጀርባውን ሰጥቷል። እንደ ተቀጣ ተማሪ።

«ተጣልታችኋል እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣን!» ትላለች ዊኒ፣ ድምጿን ወደ ጥጉ እንዳይደርስ ዋጥ አድርጋ። «እንዲህ ያለ አማች በስንት ጸሎት ይገኛል?»

ሴትዮዋ ሰሌኑን ታያለች፣ ጀርባውን ታያለች፣ ሰዓቷን ታያለች። ከዚያ ምንም ሳትናገር ወደ ጥጉ ሄዳ ወረቀቱን ከሰውየው ትከሻ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ትይዝለታለች። በሰጠችው እስክሪብቶ ሳይዞር ይፈርማል። ተመልሳ ወረቀቱን ደፉ ላይ ታስቀምጠውና እስክሪብቶውን ወደ ሰሌኑ ትዘረጋለች።

የኤልሲ እጅ ይወጣል፤ እስከ አንጓው ቢጫ ነው። ወጥቶ አየር ላይ ይቆማል። በቀዳዳዎቹ አይታለች፤ እስክሪብቶው የመጣው ከሱ ጣቶች መሀል ነው።

«ሌላ የለሽም?»

«አንድ ነው የያዝኩት።»

«እንግዲያው መሬት ላይ አስቀምጪልኝ።»

ሴትዮዋ ታስቀምጠዋለች። ከሜዳው የአውሮፕላኑ ሞተር አንዴ ያስላል፣ ከዚያ ይነሳል። ጥግ ያለው ሰው አይዞርም።

«እማማ፣» ትላለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ፣ «እባክዎን ይፈርሙ።»

«የሰው እጅ ሙቀት አለበት። ትንሽ ይብረድ።»

«ዝናቡ ሳይመጣ፣» ትላለች ዊኒ በጆሮዋ፣ «በዚህ አገር ምን በርዶ ያውቃል?»

ኤልሲ አትመልስላትም። ቢጫ መዳፏን ሲሚንቶው ላይ፣ ከእስክሪብቶው አንድ ስንዝር ወዲህ አሳርፋ፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማች ትጠብቃለች።